በቴሌቪዥን እቃ መሸጥ እንጀራ ይሆናል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ የቤት እቃ ሱቅ ውስጥ ተቀጥረሽ ትሠሪያለሽ። አንድ አስመጪ አነጋገርሽን ወዶልሽ በቴሌቪዥን የ15 ደቂቃ ፕሮግራም ላይ መጥበሻና የሽንኩርት መክተፊያ እንድታስተዋውቂለት ጠይቆሻል። ደሞዝ የለውም፣ በተሸጠ ቁጥር ፐርሰንት ነው። አንቺም "የሱቁን ሥራ ልተው ወይ?" ብለሻል። ከስር አብዛኛው ሰው "ዕድልሽ ነው፣ ግቢበት" ብሎሻል። እኔ በዚህ ሥራ አምስት ዓመት ቆይቻለሁ፣ በልቼበታለሁ፣ ተጎድቼበታለሁም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እንጀራ ይሆናል። ግን የሱቁን ሥራ አሁን አትልቀቂ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ሁለቱንም ያዢ። ዋናው ነገር ደግሞ ይሄ ነው፦ እቃው የሰውዬው ነው፣ ፊቱ ያንቺ ነው። እቃው ሲበላሽ ሰው አስመጪውን አያውቀውም። አንቺን ነው የሚያውቅሽ።

እኔ የጀመርኩት አዳማ መናኸሪያ ነው። አሰላ የሚሄደው፣ ሐረርና ድሬዳዋ የሚሄደው አውቶቡስ እስኪሞላ ድረስ ውስጥ ገብቼ ድንች መላጫ እሸጥ ነበር። ረዳቱን አስፈቅደሽ ትገቢያለሽ፣ መንገደኛውን ሰላም ትያለሽ፣ ከዚያ ያለሽ ጊዜ ሾፌሩ ሞተር እስኪያስነሳ ነው። ሦስት ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ አሥርም። መጀመሪያ ሰሞን ገና ስገባ ዋጋ እናገር ነበር፣ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። በኋላ አንድ የቆየ ሻጭ "አፍህን ዝጋና ድንቹን ላጥ" አለኝ። እውነቱን ነው። ዝም ብዬ አንዱን ድንች ከላይ እስከ ታች ሳይቆረጥ በአንድ ረጅም ልጣጭ ስልጥ፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። "ስንት ነው?" የሚለው ከነሱ መምጣት አለበት። አንዷ እናት ከገዛች ጎረቤቷ ትገዛለች። ቋንቋውም አለ። አሰላ በሚሄደው ላይ በአማርኛ ጀምሬ በኦሮምኛ ካልጨረስኩ ግማሹን ወንበር አጥቼዋለሁ ማለት ነው። አንቺ አዳማ ስላደግሽ ሁለቱንም ትችያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ያ ትልቅ ሀብት ነው፣ ስትደራደሪ አንሺው።

አውቶቡሱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአሜሪካ ኢንፎመርሻል የሚባለውን፣ እንደ ፕሮግራም የሚረዝመውን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ የሠሩት ሰዎችም ከመንገድ ነው የመጡት። ሮን ፖፒል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወልዶ በ2021 ያረፈው፣ በልጅነቱ ቺካጎ ማክስዌል ጎዳና ገበያ ላይ የአባቱን የወጥ ቤት እቃዎች እያሳየ ይሸጥ ነበር። አባቱ የሠራው መክተፊያ ሽንኩርቱንና ካሮቱን ቶሎ ቶሎ ስለሚጨርሰው፣ ሻጮቹ ቀኑን ሙሉ ለማሳያ የሚበቃ አትክልት ተሸክመው መዞር አቃታቸው ይባላል። መፍትሔው አንዴ ቀርጾ በቴሌቪዥን ማሳየት ሆነ። ቢሊ ሜይስ የሚባለው ሌላው የቴሌቪዥን ሻጭም እንዲሁ ነው፣ አትላንቲክ ሲቲ በምትባል የአሜሪካ ከተማ የባሕር ዳርቻ ላይ ለአላፊ አግዳሚው እየጮኸ ሲሸጥ ኖሮ ነው ቴሌቪዥን ላይ የወጣው። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በማስታወቂያ ሰዓት ላይ የነበረውን ገደብ አነሳ። ያኔ ነው ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው ማስታወቂያ የበዛው፣ በተለይ ሌሊት፣ የአየር ሰዓቱ ርካሽ በሚሆንበት ጊዜ። እና ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ፊት ቆመሽ ያጠፋሽው ጊዜ ከንቱ አይደለም። ካሜራውን በሁለት ቀን ትለምጂዋለሽ፣ የሰው ዓይን ማንበብ ግን ዓመታት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ስቱዲዮው ልምጣ። እኔም የመጀመሪያ ቀረጻዬ መክተፊያ ነበር። በአዳማ ሙቀት፣ በተዘጋ ክፍል፣ በሁለት ትልልቅ መብራት ስር ከጠዋት እስከ ማታ ሽንኩርት ከተፍኩ። መጀመሪያ የመቂ ሽንኩርት ነበር የመጣው፣ ትልልቁ። መክተፊያው አልዋጠውም። ክዳኑን ስጫነው ሽንኩርቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ደገምነው። ከዚያ አስመጪው ልጅ ልኮ ትንንሽ የሀበሻ ሽንኩርት አስመረጠ። በሱ አንዴ ጫን ሳደርገው እንደ በረዶ ተበትኖ ወረደ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ የዚያን ቀን አይቻለሁ፣ ገብቶኛልም። ግን ዝም አልኩ። የቤት ኪራይ ሁለት ወር ነበረብኝ።

ማስታወቂያው በወጣ በአራተኛው ወር የሰፈራችን እትዬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቁኝ ሴት፣ ቤቴ መጡ። መክተፊያውን በፌስታል ይዘውታል። አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከምላጮቹ ሁለቱ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፣ የክዳኑ አንድ ጥግ ተሰንጥቋል። አልተቆጡም። "ልጄ፣ እኔ እኮ ቴሌቪዥኑን አምኜ አልገዛሁም፣ አንተን አይቼ ነው" አሉኝ። ገንዘባቸውን ከኪሴ ሰጠኋቸው። አልቀበልም ብለው ስንከራከር ቆየን። አስመጪው ጋ ስደውል "ዋስትና የለውም፣ አጠቃቀም አላወቁም" አለኝ። እስከ ዛሬ እትዬን መንገድ ላይ ሳገኛቸው አስቀድሜ የማየው እጃቸውን ነው፣ ምን ይዘው ይሆን እያልኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደንብ አለኝ። አሥር ቀን ቤቴ ያልተሠራበትን እቃ አላስተዋውቅም። መጥበሻ ከሆነ እንቁላል ብቻ አይደለም የሚጠበስበት። ቁሌት ይቁላላበት፣ ሽሮ ይንተክተክበት፣ በሽቦ የምታጥብ ሠራተኛም ታጥበው። ቤት ውስጥ የሚደርስበት ያ ነውና።

ስለ ብሩ። "በተሸጠ ቁጥር ፐርሰንት" ሲሉሽ "ተሸጠ ማለት ምንድን ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ይሄን ባለመጠየቄ ብዙ አጥቻለሁ። ማስታወቂያው ሲያልቅ ስልኩ ይጮሃል፣ ኦፕሬተሮቹ ይጽፋሉ፣ ስቱዲዮው ሠርግ ቤት ይመስላል። ግን የደወለ ሁሉ አይገዛም። ሞተረኛው እቃውን ይዞ ሲደርስ ስልክ አይነሳም፣ ወይ ባልየው "ማን አዘዘሽ" ይላል፣ ወይ ደሞዝ አልወጣም። እኔ ጋ ከአሥር ደዋይ አራት አምስቱ እንደዚያ ይቀር ነበር። አስመጪው የሚከፍለኝ እቃው ደርሶ ብር ከገባ በኋላ ነው፣ እሱ ያስኬዳል። የማያስኬደው ዝርዝሩን አለማየቴ ነው። ስንት እንደደረሰ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ስለዚህ በየሳምንቱ የደረሰውን ዝርዝር እንድታዪ ውሉ ላይ ይጻፍ። ለቀረጻ ቀን ደግሞ ትንሽም ብትሆን ቁርጥ ክፍያ ጠይቂ፣ ቢሸጥም ባይሸጥም የምትከፈል። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ትውያለሽ፣ ጉልበት ነው።

ሌላው፣ ከሁሉም የባሰብኝ፣ ቪዲዮው ነው። እኔ ከአስመጪው ጋር ከተለያየሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴ ይሸጥ ነበር። ድምፄ ያው፣ ሸሚዜ ያው፣ እቃው ግን ሌላ ጊዜ የገባ፣ ቀጭን፣ ከበፊቱ የወረደ። አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም፣ ስድቡ ግን በየቀኑ ይደርሰኝ ነበር። ውሉ ላይ ቪዲዮው እስከ መቼ እንደሚታይና ለየትኛው እቃ ብቻ እንደሆነ ካልተጻፈ አትፈርሚ። በዚህ አልደራደርም።

ስለ አነጋገር ብዙ አልልሽም፣ ታውቂበታለሽ። ብቻ አትጩሂ። ቢሊ ሜይስን አይተው የሚጮኹ አሉ። እሱ መጮህ የለመደው በባሕር ዳርቻው ግርግር ውስጥ ነው፣ አንቺ ግን ደረትሽ ላይ ማይክ ተሰክቶልሻል፣ ሳሎን ለተቀመጠች ሴትዮ ነው የምታወሪው። "ዛሬ ብቻ" እንድትዪ ይጽፉልሻል። እውነት ዛሬ ብቻ ከሆነ በዪው። ነገም ከነገ ወዲያም በዚያው ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ አውጡልኝ በይ። ውፍረት ይቀንሳል፣ ስኳር ያወርዳል፣ ወገብ ያድናል የሚባል እቃ ከመጣ ደግሞ ጭራሽ አትንኪው። የእኛም የማስታወቂያ አዋጅ፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አሜሪካ ኬቪን ትሩዶ የሚባል የታወቀ የቴሌቪዥን ሻጭ ፍርድ ቤት አስጠንቅቆት እያለ ስለ ክብደት መቀነሻ መጽሐፉ ሕዝብ በማሳሳቱ እ.ኤ.አ. በ2014 አሥር ዓመት ተፈርዶበታል። ለታመመ ሰው ተስፋ መሸጥ ከሁሉም የከፋ ነው።

አንዳንዶች "ቴሌቪዥን አለቀለት፣ ቲክቶክ ላይ ሽጪ" ብለውሻል። እነሱም አልተሳሳቱም። ዛሬ በቴሌብር ከፍሎ በባጃጅ እቃ የሚቀበል ሰው በዝቷል፣ ለላይቭ ደግሞ የአየር ሰዓት አትገዢም። ግን እድሜያቸው የገፉ እናቶች አሁንም ቴሌቪዥን ነው የሚያዩት፣ መጥበሻ የሚገዙትም እነሱ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ስምሽን ያስተዋውቅልሽ፣ ጎን ለጎን በራስሽ ስልክ የራስሽን ገጽ ክፈቺ። ነገ ከሰውዬው ጋር ብትለያዪ ደንበኛሽ የት እንደሚያገኝሽ ይወቅ።

በዚህ ሳምንት ሰውዬውን አግኚውና "መጥበሻውንና መክተፊያውን አሥር ቀን ቤት ልውሰዳቸው" በይው። ትልቁን ሽንኩርት ገዝተሽ ሞክሪው፣ ትንሹን አይደለም። እምቢ ካለሽ ሱቅሽ ላይ ቆዪ። ከሰጠሽና እቃው ከቻለ ውሉን ጠይቂው፣ ፎቶ አንሺና በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ከመፈረምሽ በፊት መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን። እኔ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ አለሁ።