ከዚራ፣ ሳቢያን፣ መጋላ ወይስ መልካ ጀብዱ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ ባለቤቴ በድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ውስጥ ሥራ በማግኘቱ ከመጪው መስከረም በፊት ቤተሰባችንን ይዘን ከአዳማ ወደዚያ ለመዛወር ወስነናል። እኔም የምሠራበት ባንክ ከዚራ ወደሚገኘው ቅርንጫፍ አዛውሮኛል። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ በመጪው ዓመት 8ኛ ክፍል ትገባለች፤ ትንሹ ደግሞ 2ኛ ክፍል ይሆናል። የባለቤቴ ዘመዶች መጋላ ስለሚኖሩ እነሱ አጠገብ እንድንከራይ ይመክሩናል። የባለቤቴ የሥራ ባልደረቦች በበኩላቸው መልካ ጀብዱ ለሥራ ቦታው ቅርብ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ልጅ ያለው ሰው ከሳቢያንና ከከዚራ መውጣት የለበትም ይሉናል። የግል መኪና የለንም። ለልጆቹ ትምህርት ቤትና ለእኛ የሥራ መመላለሻ የሚሻለው የትኛው ሰፈር ነው? የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምክራችንን አስቀድመን ምክንያቱን እናስከትል። የምንመክርዎ ሳቢያንን ነው፤ አቅምዎ የሚፈቅደው ቤት ከተገኘ ደግሞ ከዚራን። ይህን የምንለው ከሰፈሮቹ አንዱ ጨዋ፣ ሌላው ጋጠ ወጥ ስለሆነ አይደለም። በእናንተ ቤት በየጠዋቱ አራት ሰዎች ወደ ሦስት ወይም አራት አቅጣጫ ይወጣሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ረጅሙን መንገድ መሸከም ያለበት አዋቂ ነው እንጂ የ2ኛ ክፍል ተማሪ አይደለም። ባለቤትዎ ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ መመላለሳቸው አይቀርም። ድርጅታቸው ለሠራተኞቹ ሰርቪስ እንዳለውና ሰርቪሱ በየትኞቹ ሰፈሮች እንደሚያልፍ ቤት ከመፈለግዎ በፊት ይጠይቁ፤ ሰርቪስ ካለ የእሳቸው መንገድ ከሰፈር ምርጫው ውስጥ ወጣ ማለት ነው። ሰርቪስ ባይኖርም ሳቢያን ከከዚራ ይልቅ ወደ መልካ ጀብዱ ስለሚቀርብ እርስዎ ወደ አንዱ፣ እሳቸው ወደ ሌላው አቅጣጫ ስትሄዱ ቤታችሁ መሐል ላይ ይሆናል።

የመጋላን ነገር በጥንቃቄ እንየው። ዘመድ አጠገብ መኖር ትልቅ ነገር ነው፤ እርስዎ ባንክ ቤት አምሽተው ሲወጡ ልጆቹን የሚቀበል አክስት ወይም አያት ማግኘት በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ይሁን እንጂ መጋላና ከዚራ በደቻቱ ይለያያሉ። አብዛኛውን የዓመቱን ወራት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ይህ ወንዝ ውኃውን የሚያገኘው ከከተማዋ በስተደቡብ ካሉት የሐረርጌ ተራሮች ስለሆነ፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል እንኳ ደራሽ ጎርፍ ሊያመጣ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉን የድሬ ሰው አይረሳውም። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ድልድይም አለ። ዋናው ክረምት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ መሆኑም ሥጋቱን ያቀለዋል። የበልጉ ዝናብ የሚጥልባቸው መጋቢትና ሚያዝያ ግን ልጆች በየቀኑ የሚመላለሱባቸው ወራት ናቸው። ድልድይ እያለ አሸዋውን አቋርጦ መሄድ የሚያምረው ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ መጋላ ለመኖር ከወሰናችሁ የልጆቹ ትምህርት ቤት እዚያው መጋላ ይሁን፤ ቤቱ በአንድ ዳር፣ ትምህርት ቤቱ በሌላው ዳር መሆን የለበትም። በዚያ ጊዜ የሚሻገሩት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ፤ ይህም በድልድይ የሚያልፍ የባጃጅ መንገድ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም።

መልካ ጀብዱን ያልመረጥንበት ምክንያት አንድ ነው። ልጅዎ ከአንድ ዓመት በኋላ 9ኛ ክፍል ትገባለች፤ አሁን ባለው የ6፣ የ2 እና የ4 ዓመት አከፋፈል ደግሞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትምህርት አንድ ደረጃ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምርጫው የሚበዛው ከተማው ውስጥ ስለሆነ ዛሬ በኪራይ ያተረፋችሁት በሚቀጥለው ዓመት በትራንስፖርት ይሄዳል። የእርስዎም መንገድ በየቀኑ ይረዝማል።

ከዚራ ቀደም ሲል ከባቡር ሐዲዱ ሥራ ጋር በፕላን የተቆረቆረ ሰፈር ስለሆነ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ግራና ቀኛቸውም ዛፍ የተተከለባቸው ናቸው። ይህን ያነሣነው ውበቱን ለማድነቅ አይደለም። ድሬዳዋ ከአዳማ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት፤ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚወጡትም ብዙውን ጊዜ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት ነው። ጥላ ያለው የ20 ደቂቃ መንገድ ጥላ ከሌለው የ10 ደቂቃ መንገድ ይሻላል ብንል አላጋነንንም። ቤት ለማየት የሚሄዱ ሰዎች ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ በነፋሻው አየር ተዘዋውረው “ቅርብ ነው” ብለው ይመለሳሉ። እርስዎ ግን ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ በእግርዎ ይሂዱበት፤ የሚቻል ከሆነም ትንሹን ልጅ ይዘው። ከዚራ ያለው ችግር የሚከራይ ቤት እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው፤ የተገኘውም ይወደዳል። ሳቢያን አዳዲስ ቤቶች የበዙበት ሰፈር ስለሆነ ምርጫው ሰፋ ይላል። ጥላው ግን እንደየመንገዱ ይለያያልና ከሳቢያን የትኛው ጥግ እንደሚሻል የሚወስነው የመረጡት ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ትምህርት ቤት መጀመሪያ፣ ቤት ቀጥሎ ይሁን። ደላላ የሚያሳየዎትን ቤት አይተው ከወደዱ በኋላ ትምህርት ቤት መፈለግ ከጀመሩ ምርጫው ከእጅዎ ወጥቷል። ትምህርት ቤቱን ሲጎበኙ በመጀመሪያ የሚጠይቁት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምር ነው። በድሬዳዋ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ስለሚሰጥ፣ ለቤትዎ ቅርብ የሆነው የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችዎ ሲማሩበት በቆዩት ቋንቋ የሚያስተምር ላይሆን ይችላል። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንደሚቀመጥ፣ ትምህርቱ በፈረቃ ይሁን አይሁን፣ ውኃና የሴት ልጆች መጸዳጃ በአግባቡ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ከወርሃዊው ክፍያ ሌላ የመመዝገቢያና የሰርቪስ ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ በክረምቱ ወራት ይከፈል እንደሆነም በጽሑፍ ይስጧችሁ። “ተማሪዎቻችን መቶ በመቶ አለፉ” የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፎ ቢያዩ አይቸኩሉ፤ ስንት ተማሪ ለፈተናው ተቀመጠ፣ ስንቱስ ዓመቱ ሳይጋመስ እንዲለቅ ተደረገ ብለው ይጠይቁ። በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩና ከግድግዳው ማስታወቂያ ይልቅ ከተማሪው ደብተር ብዙ ይነበባል።

የትልቋ ልጅዎ ጉዳይ ተለይቶ ሊታሰብበት ይገባል። የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በከተማ አስተዳደሩ በኩል ነው፤ የመጀመሪያና የመካከለኛ ደረጃ መማሪያ መጻሕፍትንም ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በየራሳቸው ያዘጋጃሉ። ስለሆነም እሷ በአዳማ ከተማረችባቸው መጻሕፍት ወደ ሌሎች ተሸጋግራ በዚያው ዓመት ትፈተናለች ማለት ነው። ክረምቱን በድሬዳዋው የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ብታሳልፍ ይጠቅማታል፤ ከባለቤትዎ ዘመዶች ልጆች መካከል መጽሐፉን የሚያውስ አይጠፋም። ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ትምህርት ቤት መቀየር ለእሷ ከባድ ይሆናልና ለእሷ የሚመርጡት ትምህርት ቤት እስከ ሰኔ የማይነካ ይሁን። የሁለቱንም መሸኛ፣ የውጤት ካርድና የልደት የምስክር ወረቀት ከአዳማ ሳይነሡ አስጨርሰው ይያዙ።

ለዕለት ተዕለት መመላለሻ የድሬ ዋና መጓጓዣ ባጃጅ ነው። ብዙ ወላጆች ከአንድ የሚያውቁት ባለባጃጅ ጋር በወር ተስማምተው ልጆቻቸውን ያስወስዳሉ፤ መጥፎ ዘዴ አይደለም። ሆኖም አሽከርካሪው ሌላ ስንት ቤት እየዞረ ልጅ እንደሚሰበስብ ይጠይቁ፤ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ስድስት ሕፃን ከነቦርሳው የሚጭን ባጃጅ በየጠዋቱ ያያሉና። ነዳጅ በሚጠፋበት ሳምንትም ባለባጃጁ ሰልፍ ላይ ሊያድር ስለሚችል በእግር የሚደረስበት ትምህርት ቤት የሚበልጥበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኪራዩን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ድሬዳዋንም ይመለከታል። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ ዘመኑም ከ2 ዓመት አያንስም፤ አከራዩ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚችለው ክፍያ ደግሞ ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ልጅዎ 8ኛን ጨርሳ 9ኛን የምትጀምረው በእነዚሁ 2 ዓመታት ውስጥ ስለሆነ ይህ ለእናንተ ከማንም በላይ ይጠቅማል። “የ6 ወር በአንዴ ክፈሉ፣ ውሉ በቃል ይብቃ” የሚል አከራይ ቢያጋጥማችሁ ቤቱ የቱንም ያህል ለትምህርት ቤቱ ቢቀርብ ሌላ ፈልጉ፤ የተስማማችሁበትንም ውል በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ።