እንጦጦ ግርጌ ለምትዘፍኑ ወጣት የጃዝ ድምፃውያን

ልጆቼ፣ ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ እንጦጦ ግርጌ ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ እንድትዘፍኑ ስትጠሩ ከዘፈን ምርጫችሁ በፊት ቤቱን እዩት። ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ታዳሚው 60 ሰው ከሆነ ጉልበት አያስፈልጋችሁም፤ የሚያስፈልገው መቆጠብ ነው።

ክፍሉ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው እየተንጫጫ ከተመለሰ ከበሮው በብሩሽ ይመታ፣ ከጀርባችሁ ያለው ግድግዳም ወፍራም መጋረጃ ይልበስ። ደግሞ አስታውሱ፤ ሰው ሲሞላ ልብሱና ገላው ቀጫጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ከሰዓት በሳውንድ ቼክ (ከዝግጅቱ በፊት በሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ጆሮ የወጋውን ሁሉ ካስቆረጣችሁ ማታ ቃላችሁ ይደበዝዛል።

እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ የተለመደ ማይክ ሲሆን ለለሆሳስ ከከንፈራችሁ 3 እስከ 5 ሳንቲሜትር፣ ድምፃችሁን ስትከፍቱ 15 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ። ሲጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ስለሚያብጥ ሚክሰሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ይቀነስ። የማይኩን ራስ በመዳፍ አትጨብጡ። ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚከላከሉት ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ማይኩ ሞኒተሩን፣ ማለትም ወደ እናንተ የዞረውን ስፒከር፣ መስማት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ያፏጫል።

ከተማችን 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። ዳገቱን ወጥቶ ወዲያው የሚዘፍን ሰው ትንፋሹ ሐረግ መሃል ያልቅበታል። አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፤ ማታ ስለሚበርድ አንገታችሁን ሸፍኑ፤ ከመድረክ በፊት 15 ደቂቃ በስትሮ እየነፋችሁ በቀስታ አዚሙ።

አብዝቼ የምለምናችሁ ግን ስለ ቅኝት ነው። ትዝታን በሜጀር ከሲ ብትጀምሩት ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው፤ ኤፍና ቢ የሉበትም። ፒያኒስቱ በልማድ ጂ ሰቨን የሚባለውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ሲመታ ሁለቱንም ይዞ ይገባል፣ ትዝታውም ትዝታነቱ ይጠፋል። ሲ ሲክስ ናይን ይምታ፤ አምስቱም ኖታዎች እዚያው ውስጥ አሉ። ሌላው ቅኝት አንቺ ሆዬ (ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ) ይበልጥ ስስ ነው፤ ኮርድ ከማብዛት ቤዙ ሲን ይዞ ቢቆይ ይሻላል። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ ያስተማረን ትልቁ ነገር ይኸው ይመስለኛል፦ የጃዙ ሃርሞኒ ቅኝቱን ያጅበዋል እንጂ አይሸፍነውም። ስካት (ትርጉም በሌላቸው ድምፆች እየፈጠሩ መዝፈን) ስትሞክሩም የመጀመሪያውን ዙር ከአምስቱ ኖታ አትውጡ። የአድማጩ ጆሮ ቤቱን ካወቀ በኋላ ብትወጡ መውጣታችሁ ይሰማዋል።

ኪያችሁን (ዘፈኑ የሚነሳበትን የድምፅ ከፍታ) ራሳችሁ ምረጡ፣ ለሳክስፎኑ ምቾት ብላችሁ አትቀይሩት። ከፍተኛው ኖታችሁ ከአቅማችሁ አንድ ቶን (አንድ ሙሉ የድምፅ እርከን) ይነስ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ታመሰግኑታላችሁ።

ኪቦርዱና ሚክሰሩ ከተለያየ ሶኬት ሲሰኩ ብዙ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ይጎመጉማል፤ ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ። መብራት ሊጠፋም ስለሚችል ሁለት ዘፈን ያለ ማይክ፣ በኮንትራባስ ወይም በክራርና በብሩሽ ብቻ ተለማመዱ። ዘፈኑ መሃል ላይ ከጠፋ አታቁሙ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ታዳሚው ቅረቡ። ሲመለስም ወደ ማይኩ አትሩጡ፤ ባለሙያው ዋናውን ቮልዩም ዝቅ ካላደረገ ስፒከሩ ጓ ይላል፣ ዝምታውን የለመደውም ጆሮ ይደነግጣል። ዘፈኑን እዚያው በቆማችሁበት ጨርሱት።