«ኢንቲሜት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በድጋፍ ደብዳቤ ውስጥ ስለ መጠቀም

ጠያቂያችን «የቅርብ ዘመዴ ናት ለማለት ‹ኢንቲሜት› ብዬ ብጽፍ ችግር አለው?» ላሉት፣ ደብዳቤው ለቪዛ ሳይሆን አይቀርምና በቤተሰቤ ከደረሰው ተነሥቼ እመልሳለሁ።

1. ቃሉ በራሱ ነውር የለበትም። ሥሩ ላቲን ሆኖ «እጅግ ውስጠኛ» ማለት ነው፤ በቆየው እንግሊዝኛ ምስጢረኛ ወዳጅ ይጠራበት ነበር፣ ዛሬም አንድን ሙያ ጠንቅቆ ማወቅ ይገለጽበታል። ስለ ሁለት ሰዎች ግንኙነት ሲነገር ግን የዛሬ አንባቢ አስቀድሞ የሚረዳው የፍቅርና የመኝታ ቅርበትን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ «ኢንቲሜት ፓርትነር» ሲል ባልን፣ ሚስትን ወይም ፍቅረኛን ማለቱ ነው።

2. ደሴ የሚገኝ የትርጉም ቤት «መዝገበ ቃላቱ እንዲህ ይላል» ቢልዎ አይቀበሉ። ውጭ አገር ያለው ታናሽ ወንድሜ የአክስታችንን ልጅ በጋበዘ ጊዜ፣ በአንድ ቤት እንዳደጉና የጠበቀ ቅርበት እንዳላቸው በአማርኛ ጽፌ ሰጠሁ፤ በእኛ በወሎ ከአቦል እስከ በረካ አብሮ የጠጣ ጎረቤት እንኳ ዘመድ ነውና ይህን መጻፍ ምንም አይመስለንም። ተርጓሚው «ኢንቲሜት ሪሌሽንሺፕ» አድርጎ፣ በፖስታ አሽጎ ለልጅቱ ሰጣት። ጠያቂው ሹም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ካገላበጠ በኋላ «ጋባዡ ባልሽ ነው ወይስ እጮኛሽ?» ሲላት ምላሷ ተሳሰረ፤ ቪዛውም ተከለከለ። ለዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ሄጄ ባስረዳው፣ ተርጓሚው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ «ካወቅህ ራስህ አትተረጉመውም ነበር?» አለኝ። ለእርማቱም ዳግመኛ አስከፈለኝ!

እኔም ራሴ ተረጎምኩት፤ እሱ ማኅተሙን ብቻ መታበት። «ክሎዝ ሬላቲቭስ»፣ ማለትም የቅርብ ዘመዳሞች፣ ካልኩ በኋላ «ብሮት አፕ ኢን ዘ ሴም ሃውስሆልድ» ብዬ አንድ ቤት ማደጋቸውን ገለጽኩ፤ በሁለተኛው ማመልከቻ የጠየቃት አልነበረም። የቦታ ቅርበት ከሆነ የሚፈልጉት፣ ሐይቅ ከተማ ለደሴ ቅርብ ናት እንደምንለው ያለውን፣ «ፕሮክሲሚቲ» ይበሉት። በቃል የሚጠየቁ ከሆነም «ኢንቲሜት» የሚለው ቅጽል «ሚት» ብሎ እንደሚያበቃ ያስታውሱ፤ «ሜይት» ብለው ከጨረሱት በተዘዋዋሪ መጠቆም የሚል ግሥ ይሆናል።

እንግዲህ ደብዳቤዎን ማኅተም ከማረፉና ፖስታው ከመታሸጉ በፊት እዚያው ቆመው ያንብቡት፤ ማኅተም ካረፈበት በኋላ እያንዳንዱ እርማት እንደ አዲስ ሥራ ይቆጠርብዎታል።