ማሽኑ ይቆይ፣ እርሳሱ ይቅደም

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በማሽን ሥራ ተመርቀሽ፣ አዳማ ውስጥ ዋንጫና ማኅተም የሚያዘጋጅ ቤት ተቀጥረሽ በሌዘር ማሽን ስም ስትጽፊ ትውያለሽ። በስልክሽ ያየሽው የአደን ጠመንጃ ጌጥ፣ ብረት ላይ እንደ ተክል የሚጠመዘዘው ቅርጽ፣ ልብሽን ወስዶታል። አሜሪካ የሚኖረው አጎትሽ በአየር ግፊት የሚሠራ የመቅረጫ ማሽን ልግዛልሽ ብሏል። አባትሽ ደግሞ ገንዘቡ ለማታ የአካውንቲንግ ትምህርት ይዋል፣ ቀጥቃጭ እንድትሆኚ አላስተማርኩሽም ይላሉ። አንቺም ማሽኑ እስኪመጣ ልጠብቅ ወይስ ነገሩን ልተወው ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አትተዪው፤ ግን ማሽኑንም አትጠብቂ። ካሜራ እስኪገዛልኝ፣ ኮምፒውተር እስኪመጣልኝ እያሉ ዓመታቸውን የሚያሳልፉ ወጣቶች በየጊዜው እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ ሁሌም ያንገበግበኛል። ያ የአየር ማሽን የመዶሻውን ምት ይተካልሻል፤ መስመሩ የት መታጠፍ እንዳለበት ግን አይነግርሽም። የዚህ ሙያ ሦስት አራተኛው ሥዕል ነው። ብረቱን በንጽሕና ቆርጦ ሥዕሉ የተሰበረበትን ሰው ሥራ ማንም አይገዛውም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እርሳስና ወረቀት ያዢ። መጀመሪያ የምትስዪው ቅጠል አይደለም፤ አከርካሪው ነው። አንድ ጥምዝ መስመር ከግንዱ ተነሥቶ፣ ወደ ውስጥ እየጠበበ፣ ሳይሰበርና ሳይስተካከል መሐሉ ላይ ይደርሳል። "ሳይስተካከል" ስል፣ በመንገዱ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች ቦታ እንኳ እንዳትኖረው ማለቴ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ እጁ ይደክምና ጥምዙ ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ በድንገት ይታጠፋል። ወረቀቱን ገልብጠሽ ወይም በመስታወት እዪው፤ ዓይንሽ የለመደው ስሕተት ወዲያው ይጋለጣል። አከርካሪው ካማረ በኋላ ቅጠሎቹ ከእርሱ ይበቅላሉ፤ እያንዳንዱ ቅጠል ሲወጣ አከርካሪውን ታክኮ እንጂ ቆርጦት አይወጣም። ይህን ሳታውቂ ጥላ ማስገባት አትጀምሪ።

የየአገሩን የአቀራረጽ ወግም ለዪ። የእንግሊዞቹ ጥምዝ ጥቃቅንና ጥቅጥቅ ያለ ነው። የአሜሪካኖቹ ትላልቅ ቅጠል ያለው፣ ክፍት ቦታ የማይፈራ ነው። ጀርመኖች የባሉጥ ቅጠልና የአደን እንስሳ ከብረቱ ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ። ጣልያኖች ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በሚባለው የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ በጥቃቅን ነጥብና መስመር እንደ ፎቶግራፍ የሚያስመስል ሥዕል ያወጣሉ። አንዱን ምረጪና ስድስት ወር እርሱን ብቻ ቅጂ፤ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ያደባለቀ ሰው የማንንም አይማርም።

በእኛ በኩል ያለሽንም ሀብት አትርሺ። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለው ሐረግና በመስቀሎቻችን ላይ የተቀረጸው ጥልፍልፍ የዓይን ትምህርት ቤት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የተሰበሰቡትን መስቀሎች ሄደሽ እዪ፤ ከአዳማ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ግን ልዩነቱን ያዢ፦ የእኛ ጥልፍልፍ መነሻም መድረሻም የለውም፣ ይዞርና ወደ ራሱ ይመለሳል፤ የጠመንጃው ጥምዝ ግን ከግንድ ይወለዳል፣ ያድጋል፣ ያበቃል። ሁለቱን ያለ ዕውቀት ካቀላቀልሽ ሥራሽ ቤት የሌለው ይሆናል። ዐውቀሽ ካቀላቀልሽው ግን ማንም የሌለው የራስሽ ነገር ይወጣል።

መሣሪያውስ? እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዓመታት ያሳለፍኩት ቶርኖ ቤት ነውና ይህን በእርግጠኝነት እነግርሻለሁ፦ መቅረጫ መሮ የሚሆንሽ ብረት ቶርኖ ቤቶች ውስጥ ተጥሎ አለ። ለመቁረጫ የሚያገለግለው ሃይ ስፒድ ብረት አጥሮ ሲጣል ለምኚና ውሰጂ። ጫፉን ከፊት ሲታይ 120 ዲግሪ የተከፈተ የቪ ቅርጽ አውጪለት፣ ፊቱን ወደ 50 ዲግሪ፣ ከሥር ያለችውን ተረከዝ ወደ 15 ዲግሪ አድርገሽ ሳዪው። ስትሞርጂው ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ ንከሪው። ተረከዙን አሳጥሪው፤ ከረዘመ ጠባብ ጥምዝ ላይ ስትዞሪ የውጭውን ጠርዝ እየፋቀ ያበላሽብሻል። መሮው እየተንሸራተተ ካስቸገረሽ ጫፉ ደንዝዟል ወይም እጅሽን በጣም ዝቅ አድርገሻል፤ ብረቱ ውስጥ እየጠለቀ ከቆመ ደግሞ ከፍ አድርገሻል። ቁርጥራጭ ለስላሳ ብረት በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ፣ በስሱ ነጭ ቀለም ቀቢ፣ ሥዕሉን በእርሳስ አስፍሪ፣ ሞርሳ ላይ አጥብቂውና በቀላል መዶሻ ተከተዪው። ነሐስ ላይም ተለማመጂ፣ ግን ነሐስ ለጀማሪ እጅ ይራራል፤ ብረቱ ነው እውነቱን የሚነግርሽ።

የመጀመሪያው ንጹሕ መስመር ሲወጣልሽ ከሌዘሩ ጽሑፍ አጠገብ አስቀምጪው። ሌዘሩ ፊቱን አቃጥሎ ቀለሙን ይለውጠዋል፤ መሮው ግን ሁለት ግድግዳ ያላት ቦይ ይከፍታል፤ ብረቱን ባዘነበልሽው ቁጥር አንደኛው ግድግዳ ብርሃን ይይዛል። አንቺ በስልክሽ አይተሽ የወደድሽው ይህንኑ ነው።

ጠመንጃውን በተመለከተ፦ የዘመድም ሆነ የጎረቤት መሣሪያ ወደ ሥራ ጠረጴዛሽ እንዳይመጣ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቀልድ አይደለም። ለመማር ጠመንጃ አያስፈልግሽም፤ ብረቱ ያው ብረት ነው።

አባትሽን በሚመለከት በግልጽ ልናገር፤ ተሳስተዋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው ናቸው ብለሻል። የሚሳለሙት መስቀል ከሰማይ አልወረደም፤ ቀጥቃጭ ተብሎ የተናቀ አንጥረኛ ነው የሠራው። አፄ ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ እኛ እስከ ዛሬ በየሳሎናችን ስድቡን እንደግመዋለን። የማትወጂውን ሙያ ለአባትሽ ክብር ብለሽ አምሽተሽ ብትማሪ፣ ከወደዱት ጋር ተወዳድረሽ ትሸነፊያለሽ። ይህን ለእርሳቸው በአክብሮት ንገሪያቸው፣ ግን ንገሪያቸው።

በአንድ ነገር ግን ከአባትሽ ጋር እስማማለሁ፦ ቤት ውስጥ ደመወዝሽን የሚጠብቅ ሰው አለ። ስለዚህ የዋንጫውን ቤት አትልቀቂ። ማታና እሑድ ተማሪ። እጅሽ ሲረጋ ለገበያ የምታወጪው ጠመንጃ አይሆንም፤ የሠርግ ቀለበት፣ የሰዓት ጀርባ፣ የቢላዋ እጀታ፣ የእጅ መስቀል ነው። አሁን ያለሽበት ቤት የሚመጡት ደንበኞች የነገ ደንበኞችሽ ናቸው። ከተማው ውስጥ አንድ አንጥረኛም ፈልጊና እሑድ እሑድ በነጻ ረዳት ልሁንህ በዪው፤ ከምስክር ወረቀት ይልቅ የእርሱ ወንበር አጠገብ መቀመጥ ይጠቅምሻል። አውሮፓ ሄዶ ስለመማር የጠየቅሽውን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የሠራሽውን ብረት ይዘሽ እንነጋገርበታለን።

ለአጎትሽም ዛሬውኑ ደውዪ። ማሽኑ ይቆይ በዪው፤ አሁን የሚልክልሽ በራስ ላይ የሚታሰር ማጉያ መነጽርና መሮ መሳያ የአልማዝ ሞረድ ብቻ ይሁን።