ማሾ ላከማች ወይስ ላገላብጥ? ለደሴዋ እህታችን

እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። በአረብ አገር ለፍተሽ ባጠራቀምሽው ገንዘብ በኅዳር ማሾ (ያን ደቃቅ አረንጓዴ ጥራጥሬ) ገዝተሽ፣ ቤት አስቀምጠሽ፣ ክረምት ላይ በውድ መሸጥ ያዋጣል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከሐርቡ እስከ ከሚሴ ባለው መስመር ማሾ ስሰበስብ የኖርኩ ነኝ። ንግዱ ያዋጣሻል። ማከማቸቱን ግን ተይው።

ጤፍ ቢሆን ዋጋው ባይወጣ እንኳ ጎረቤት ይገዛሻል። ማሾን እኛ ብዙም አንበላውም። አብዛኛው ወደ ውጭ ነው የሚሄደው፣ ኢንዶኔዥያና ህንድ ድረስ። ዋጋው የሚቆረጠውም እዚያ ነው። የዚያ አገር ገዢ እጁን የሰበሰበ ዕለት አንቺ ቤት ያለውን ማሾ የሚጠይቅ የለም።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ቀደም ሲል ላኪዎች ማሾም ሰሊጥም ከዓለም ዋጋ በላይ ከፍለው የሚገዙበት ጊዜ ነበር። ያኔ ዶላር በባንክ እንደልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ እህሉ ላይ ከስረው፣ ባገኙት ዶላር ዕቃ አስመጥተው እዚያ ላይ ያተርፉ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላኪው ዛሬ በአንድ ዶላር ብዙ ብር ያገኛል፤ ለዶላር ሲል እየከሰረ የሚገዛበት ምክንያት ግን ቀንሷል። «በፊት ክረምት ላይ እጥፍ ሸጥኩ» የሚልሽ ሰው ላይዋሽ ይችላል። ብቻ የዚያን ጊዜ ሂሳብ ዛሬ ላይ አትሥሪበት።

ከዚያ ነቀዝ አለ። ማሾን እንደ ነቀዝ የሚወደው የለም። እንቁላሉ ከማሳ ጀምሮ አብሮ ይመጣል፣ ሙቀት ሲያገኝ ፍሬውን ወንፊት ያደርገዋል። ለቤት የሚሆን ጥቂት ካስቀመጥሽ አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ግዢ። የነቀዝ ኪኒን ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ ፈጽሞ እንዳታስገቢ። ጋዙ ይገድላል። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነማ አደራሽን!

የሚያዋጣው ማገላበጥ፣ ማለትም ቶሎ ገዝቶ ቶሎ መሸጥ ነው። ማሾ ባንዴ አይደርስም፣ ገበሬው እየለቀመ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያወጣው። ገበያ ላይ በትክክለኛ ሚዛን ገዝተሽ፣ በየሳምንቱ ለአቅራቢ (ከእኛ ከሰብሳቢዎች ተቀብሎ ወደ ትልቁ ገበያ ለሚወስደው ነጋዴ) አስረክቢ፣ ገንዘብሽን ይዘሽ ተመለሺ። ትርፉ በኩንታል ትንሽ ነው፣ ግን ይደጋገማል። ስትገዢ ፍሬውን በጥርስሽ ሞክሪው፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ እርጥበት አለው። አፈርና የተሰበረ ፍሬ የበዛበትን ዋጋ ቀንሰሽ ያዢ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ (እህል በደረጃው የሚገበያይበት) መጋዘን ሲደርስ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፣ አቅራቢው እዚያ ያጣውን ካንቺ ሂሳብ ላይ ነው የሚቀንሰው። ሁለት ሦስት ሴቶች ቀጥረሽ ብታስበጥሪ ወጪውን ይመልሳል።

አንድ ነገር ሁሌ ይቆጨኛል። ከእኛ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ ነው የሚያልፈው። ኢንዱስትሪ ፓርኩም በ2009 ኮምቦልቻ ላይ ተከፍቷል። የእኛ ማሾ ግን አብዛኛው አዳማና አዲስ አበባ ወጥቶ ይበጠርና መልሶ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። ያንን ሥራ የእኛ ልጆች እዚሁ ቢሠሩት ስንቱ ከባሕር ጉዞ በተረፈ ነበር። እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ተደራጅተው አንድ ማበጠሪያ ማሽን ቢያቆሙ እኔ የመጀመሪያው ደንበኛ ነኝ።

ፈቃድ ሳታወጪ አትጀምሪ። ማሾ ምርት ገበያ የገባ ምርት ስለሆነ ያለፈቃድ የጫነ ሰው ኬላ ላይ ሊያዝ ይችላል። ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ የሰብሳቢነቱን ፈቃድ ጠይቂ፣ የአቅራቢነቱ ለጊዜው ይቆይሽ። ገንዘብሽንም በሙሉ አታውጪው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ሲሶው ይበቃል። ደላላ «ብሩን ስጪኝ፣ እኔ ገዝቼ አመጣልሻለሁ» ካለሽ፣ የአክስትሽ ልጅም ቢሆን፣ እሺ እንዳትዪ። ሚዛኑ ጋ ራስሽ ቁሚ።