ለሥነ ልቦና ፈተና ከስምና ከዓመት በፊት መጠናት ያለበት

ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ የሥነ ልቦና ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት እንደቀረሽ፣ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ብታነቢውም ስትዘጊው ሁሉም እንደሚጠፋብሽ ገልጸሽ፣ «የትኞቹን ጥናቶች ከነተመራማሪዎቻቸው ስምና ከነዓመታቸው ልሸምድድ?» ብለሻል። እኔም ይህንኑ ትምህርት ተፈትኜ ያለፍሁ፣ ከዚያም ወዲህ ታናናሾቼን ሳስጠና የቆየሁ ስለሆነ የማውቀውን በዝርዝር እጽፍልሻለሁ። ስለ ስሞቹና ስለ ዓመታቱ የጠየቅሽውን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፤ አብዛኛው ተማሪ ነጥብ የሚያጣው ግን እዚያ ላይ አይደለም።

በመጀመሪያው የሙከራ ፈተና የደረሰብኝን ላስቀድም። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ይል ነበር፦ «አንድ ልጅ የቤት ሥራውን በሰዓቱ በጨረሰ ቁጥር እናቱ ከማይወደው የዕቃ አጠባ ተራ ነጻ ታደርገዋለች፤ ልጁም ቀስ በቀስ የቤት ሥራውን በሰዓቱ መጨረስ ልማዱ ሆነ። ይህን በኦፕራንት ኮንዲሽኒንግ አብራሩ።» ኦፕራንት ኮንዲሽኒንግ ማለት ባሕርይ በሚያስከትለው ውጤት የተነሣ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ የሚታይ የመማር ዓይነት ነው። እኔ ይህን ሐሳብ ስላስፋፋው ተመራማሪ ስለ ስኪነር የማውቀውን ሁሉ አፈሰስሁት፤ እንስሳት ስለሞከረበት ሣጥን፣ ስለ አይጦቹና ስለ ርግቦቹ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍሁ። ከስምንቱ ነጥብ ሁለቱን ብቻ አገኘሁ፤ መምህሬም በኅዳጉ ላይ «ልጁ የት አለ?» ብለው ጽፈውበት ነበር። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ስለነበር በጊዜው እጅግ አዘንሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንኛውንም መልስ ጽፌ ስጨርስ ያንን ጥያቄ ለራሴ ሳላቀርብ ወደሚቀጥለው አልፌ አላውቅም።

የተፈለገው መልስ አጭር ነበር። ልጁ የሚጠላው ተራ ስለተነሣለት የቤት ሥራውን በሰዓቱ የመጨረስ ባሕርዩ ጨመረ፤ ደስ የማይል ነገር በመወገዱ ምክንያት አንድ ባሕርይ ሲጨምር አሉታዊ ማጠናከሪያ ይባላል፤ ልጁም ሥራውን መጨረሱን ከተራው መዳን ጋር ስላያያዘው ባሕርዩን ይደግመዋል። በዚህ መልስ ውስጥ ፅንሰ ሐሳቡ በስሙ ተጠርቷል፣ ትርጉሙ ተነግሯል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከልጁ ታሪክ ጋር ተሳስሯል። ብዙ ተማሪ ሁለቱን አሟልቶ ሦስተኛውን ይተዋል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም አሉታዊ ማጠናከሪያን ከቅጣት ጋር የሚያምታታ ተማሪ በየዓመቱ አገኛለሁ። ስሕተቱ የሚመጣው «አሉታዊ» የሚለውን ቃል «መጥፎ» ብሎ ከመረዳት ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ «አዎንታዊ» ማለት አንድ ነገር ተጨመረ ማለት ሲሆን «አሉታዊ» ማለት ደግሞ አንድ ነገር ተነሣ ማለት ብቻ ነው። ማጠናከሪያ ሁልጊዜ ባሕርይን ይጨምራል፤ ቅጣት ሁልጊዜ ባሕርይን ይቀንሳል። ስለዚህ ታሪኩን ስታነቢ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ የተጨመረ ነገር አለ ወይስ የተነሣ? ባሕርዩስ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ስልኩን የተነጠቀ ልጅ መሳደቡን ቢተው፣ ነገር ተነሥቷል፣ ባሕርይም ቀንሷል፤ ይህ አሉታዊ ቅጣት ነው። ውሾች አንድን ድምፅ ከምግብ ጋር እንዲያያይዙ በተደረገበት በፓቭሎቭ ሙከራ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ያው አንድ ድምፅ ከምግቡ ጋር ከመጣመሩ በፊት ገለልተኛ ማነቃቂያ፣ ከተጣመረ በኋላ ግን የተለመደ ማነቃቂያ ተብሎ ስለሚጠራ፣ የትኛው ሰዓት ላይ እንደሆንሽ ሳትለዪ ስም አትስጪ።

አሁን ወደ ዋናው ችግርሽ ልምጣ። መጽሐፉን ስትዘጊው የሚጠፋብሽ አእምሮሽ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ደጋግሞ ማንበብ መልሶ ከማስታወስ የተለየ ሥራ ስለሆነ ነው። ምዕራፉን ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቢ ቃላቱ ስለሚታወቁሽ የገባሽና የያዝሽው ይመስልሻል፤ ፈተናው ግን ቃላቱን አይሰጥሽም፣ አንቺው ከውስጥሽ እንድታወጫቸው ይጠይቅሻል። ይህን ራሱ የምታጠኚው ትምህርት ያረጋግጥልሻል። የትውስታ ተመራማሪው ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት እየሸመደደ በራሱ ላይ በመሞከር፣ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ፈጣን ሆኖ ከዚያ በኋላ እየዘገየ እንደሚሄድ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ ደግሞ በ2006 ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ ካስነበቡ በኋላ ከፊሎቹ ደግመው እንዲያነቡት፣ ከፊሎቹ ግን ሳያዩ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲለኩ ደግመው ያነበቡት በልጠው ተገኙ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ለማስታወስ የሞከሩት በለጡ። ይህንን ውጤት ባወቅሁ ጊዜ ደጋግሜ በማንበብ ያሳለፍኋቸው ሌሊቶች ቆጩኝ።

ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ክፍል አንብበሽ መጽሐፉን ዝጊና በባዶ ወረቀት ላይ የቀረሽን ሁሉ ጻፊ። መጀመሪያ ላይ የምትጽፊው በጣም ጥቂት ስለሚሆን ልብሽን ሊሰብረው ይችላል፤ አይስበረው፣ ያ ድካም ራሱ የጥናቱ ሥራ ነው። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተሽ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙዪ። በማግስቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ ያንኑ ክፍል ከባዶ ወረቀት ጀምረሽ ድገሚው፤ የምትጨምሪበት ቀለም እያነሰ ሲሄድ በዐይንሽ ታዪዋለሽ።

ጥናቶቹን በተመለከተ፣ ሠላሳ ጥናት በስም ከምታውቂ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ሁለት ያህል መርጠሽ ጠልቀሽ ብታውቂ እመርጣለሁ። የምትመርጫቸው መርሐ ትምህርቱ በስም ካስቀመጣቸው ይጀምሩ፤ እነዚያን መተው አይቻልም። ጠልቆ ማወቅ ማለት ተመራማሪው ምን ጠየቀ፣ ምን ለዋወጠ፣ ምን ለካ፣ ምን አገኘ፣ ምን ትችት ይቀርብበታል የሚለውን ሳያዩ መናገር ነው። የሎፍተስና የፓልመርን የ1974 ጥናት ውሰጂ። 45 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም ካዩ በኋላ ስለ ፍጥነቱ ሲጠየቁ የተለወጠው ግሡ ብቻ ነበር። ግጭቱን እጅግ በሚያከብደው ግሥ የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 40.5 ማይል ሲሉ፣ «ተነካኩ» የሚል ትርጉም ባለው ግሥ የተጠየቁት 31.8 ማይል አሉ። በሁለተኛው ሙከራ ሌሎች ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በፊልሙ ውስጥ ምንም የተሰበረ መስታወት ባይኖርም፣ በከባዱ ግሥ ከተጠየቁት 50 ሰዎች 16ቱ «አይተናል» አሉ። ትችቱም ግልጽ ነው፤ ፊልም ማየት እውነተኛ አደጋ ፊት የመቆምን ድንጋጤ አይፈጥርም፣ ተማሪዎችም ሕዝቡን ሁሉ አይወክሉም። ይህን አንድ ጥናት በደንብ ካወቅሽው ስለ ትውስታ ብትጠየቂ፣ ስለ ምስክርነት አስተማማኝነት ብትጠየቂ፣ ስለ ሙከራ ዘዴ ብትጠየቂ ያገለግልሻል። በ1963 የወጣው የሚልግራም ጥናትም እንዲሁ ነው፤ ሌላ ሰው በኤሌክትሪክ እንዲነዝሩ ከታዘዙት 40 ወንዶች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት መሄዳቸው ለመታዘዝ ምዕራፍ ማስረጃ ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ ንዝረቱ እውነተኛ ሳይሆን መታለላቸውና የደረሰባቸው ጭንቀት ደግሞ ለሥነ ምግባር ጥያቄ መልስ ይሆናል። ዓመቱን በተመለከተ፣ ካስጠናኋቸው መካከል ዓመት በመሳሳቱ የወደቀ አላየሁም፤ ግኝቱን ገልብጦ በመጻፉ የወደቀ ግን አይቻለሁ።

ተማሪዎች የሚሸሹት የጥናት ዘዴ ምዕራፍ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማስጠናው ነው፤ ሌሎቹን ምዕራፎች ሁሉ የምትተቺበት መሣሪያ እርሱ ስለሆነ። ነጻ ተለዋዋጭ ተመራማሪው የሚለውጠው፣ ጥገኛ ተለዋዋጭ የሚለካው መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ፈተና ላይ ግን «ትውስታ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፣ «ከ20 ቃላት ውስጥ በትክክል የታወሱት ቃላት ብዛት» ብሎ እንዴት እንደሚለካ መግለጽ ያስፈልጋል። ከሕዝቡ መካከል ተሳታፊዎችን በዕጣ መምረጥና የተመረጡትን በቡድን በዕጣ መመደብም የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ውጤቱን ለሕዝቡ ለማጠቃለል፣ ሁለተኛው በቡድኖች መካከል የሚታየው ልዩነት ከሌላ ምክንያት እንዳይመጣ ለመከላከል ያገለግላል። ሁለት ነገሮች አብረው መለዋወጣቸውን ብቻ የሚያሳይ የተዛምዶ ጥናት ሲሰጥሽ ደግሞ «ያመጣል» ወይም «ያስከትላል» የሚል ቃል እንዳትጽፊ። ብዙ የሚተኙ ተማሪዎች ከፍ ያለ ውጤት አላቸው ቢባል፣ እንቅልፉ ውጤቱን እንዳሻሻለ አላወቅንም፤ ጭንቀት ሁለቱንም የሚያበላሽ ሦስተኛ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የሥነ አእምሮ ሕመሞችን ምዕራፍ ስታነቢ ምልክቶቹን በራስሽና በቤተሰብሽ ላይ መፈለግ ትጀምሪ ይሆናል። ብዙ ተማሪ ይህ ይደርስበታል። ምርመራ የሚሰጠው ምልክቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየና የዕለት ኑሮን ምን ያህል እንዳወከ ታይቶ መሆኑን አስታውሺ፤ ይህ ለፈተናውም ጠቃሚ ነጥብ ነው። ከልብ የሚያሳስብሽ ነገር ካለ ግን ለባለሙያ ንገሪ እንጂ ከመጽሐፍ ጋር ብቻሽን አትቅሪ።

ያለፉ ዓመታትን ፈተናዎች ለመጨረሻው ሳምንት አታስቀምጪ። ከነገ ጀምረሽ በቀን አንድ ጥያቄ ሰዓት ይዘሽ ሥሪ፤ ፈተናሽ ለምሳሌ በ90 ደቂቃ 60 ነጥብ የሚይዝ ከሆነ ለአንድ ነጥብ አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ እንዳለሽ እጅሽ እስኪለምደው ድረስ። የእርማት መመሪያው ካለሽ መልስሽን እንደ መምህር ሆነሽ በእርሱ እረሚው፤ ለራስሽ አትራሪ። «አብራሪ» ሲልሽ ምክንያቱን፣ «አነጻጽሪ» ሲልሽ አንድነቱንም ልዩነቱንም፣ «ገምግሚ» ሲልሽ ጥንካሬና ድክመቱን ከመዘንሽ በኋላ ወደ አንድ ፍርድ መድረስሽን ይፈልጋል። በዋዜማው ሌሊት ተኚ፤ እንቅልፍ የተማሩትን በማጽናት ረገድ ያለው ድርሻ በደንብ የተጠና ነው።

የመጀመሪያውን መልስሽን ጽፈሽ ስትጨርሺ እዚሁ ላኪልኝ፤ ጥያቄውንም አብረሽ አያይዢ። በዚያው ቀን አንብቤ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰው በመልስሽ ውስጥ መኖር አለመኖሩን እነግርሻለሁ።