ሃርድ ዲስኩ አልሞተም፣ ፎርማት እንዳታስደርጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የዴል ኦፕቲፕሌክስሽ የማዘርቦርድ ባትሪ ተቀየረ፣ ከዚያ ወዲህ ሲከፈት ሰማያዊ ስክሪን አምጥቶ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ይላል፣ ጥገና ቤት ደግሞ «ሃርድ ዲስኩ ሄዷል፣ ፎርማት ይደረግ» አሉሽ። ይኸው በሽታ እኔንም ይዞኝ ነበር። መጀመሪያ ማሽኑን ከዚያ ቤት አውጪው። ዛሬውኑ።

1. ስታበሪው የዴል ምልክት ሲመጣ ኤፍ 2ን ደጋግመሽ ተጫኚ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ይከፈታል። ኤችፒ ቢሆን ኤፍ 10 ነበር። እዚያ ውስጥ የዲስክሽ ስም ተጽፎ ካገኘሽው ዲስኩ አለ፣ ከቦርዱ ጋርም እየተነጋገረ ነው። ማንም «ሞቷል» ቢልሽ ይህን ገጽ አሳዪው።

2. «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ስር «ሳታ ኦፕሬሽን» የሚል አለ፣ ዲስኩ ከቦርዱ ጋር በምን መንገድ እንደሚነጋገር የሚወስነው እሱ ነው። ዲሴብልድ (ዝግ)፣ ኤኤችሲአይ (ተራው ግንኙነት) እና ሬድ ኦን (ዲስኮችን ለማጣመርም የሚያገለግለው) የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ያንቺ አሁን ሬድ ኦን ላይ እንደሆነ ልማልልሽ እችላለሁ። ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሪው፣ «አፕላይ» በዪና ውጪ። ዊንዶውስሽ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል።

ለምን ይህ ይሆናል? ዴል እነዚህን ማሽኖች ከፋብሪካ ሲያወጣ ሬድ ኦን አድርጎ ነው። እዚህ የሸጠልሽ ሰው ዊንዶውስ ሲጭን ኤኤችሲአይ አድርጎታል፣ ብዙዎቹ እንደዚያ ያደርጋሉ። ያ ምርጫ ባዮስ ውስጥ ተቀምጦ የሚቆየው በዚያች ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪ ነው። ሶኬቱ ላይ እስካለ ድረስ የባትሪውን መድከም አታውቂውም። መብራት ሲጠፋ ወይ ባትሪው ሲወጣ ግን ሁሉም ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ሰዓቱም፣ ቀኑም፣ ሳታውም። ዊንዶውስ ደግሞ ሲነሳ አስቀድሞ የሚጠራው የለመደውን የኤኤችሲአይ ድራይቨር፣ ማለትም ዲስኩን የሚያናግርበትን ፕሮግራም ነው። የዲስኩን ግንኙነት የሚመራው ኮንትሮለር ሬድ ሆኖ ሲጠብቀው የራሱን ቤት በሌላ ቁልፍ ሊከፍት እንደሚታገል ሰው ይሆናል። ዕቃው ሁሉ ውስጥ ነው፣ በሩ ግን አይከፈትም።

3. ፎርማት የሚባለውን ቃል አትስሚ። እኔ ኮፒና ፕሪንት ቤት አለኝ። መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ማሽኑን ሳበራ መጀመሪያ «ታይም ኦፍ ደይ ኖት ሴት» አለኝ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው መጣ። መገናኛ አካባቢ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል ይዞ እያወራ፣ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ሃርዱ ሄዷል» አለኝ። «በምን አወቅክ?» ስለው፣ «አባቴ፣ ባለሙያው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ውስጡ የሰው አደራ አለ አልኩት። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ፣ የደንበኞች ባነር ዲዛይን፣ የባለቤቴ የፒችትሪ ሂሳብ። «እሱን እርሳው» አለኝ።

ተሠርቷል ተብዬ ስወስደው ቤት አድርሼ ክዳኑን ከፈትኩት። እዚያው ቦታው ላይ የተቀመጠው የራሴው ዲስክ ነው! በእስክሪብቶ የሱቄን ስም የጻፍኩበት ነጭ ፕላስተር እንኳ አልተላጠም። ሞተ የተባለው ዲስክ ላይ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ፋይሌን ጠርጎ፣ የጥገና አስከፍሎኛል። ተመልሼ ስጠይቀው «ዋናው መሥራቱ አይደል እንዴ?» አለኝ። ያ ዲስክ ይኸው እስካሁን ይሠራል። ይህን መልስም የምጽፍልሽ በእሱው ማሽን ነው። መመረቂያ ጽሑፉ የጠፋባት ልጅ ፊት ግን አሁንም ከዓይኔ አይጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩን እልህ ይዞኝ ያጠናሁት። በቅርቡ አጠገባችን ያለ ቢሮ ውስጥ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ልክ እንዳንቺ «ፎርማት» ተብላ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። ባትሪውን ቀየርኩ፣ ሳታውን መለስኩ፣ ተነሳ። ማኪያቶ ጋበዘችኝ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ እኔን ነው የሚጠራው፣ ያ ባለሙያ ነኝ ባይ ይስማ!

4. ሳታው ቀድሞም ኤኤችሲአይ ሆኖ ካገኘሽው በተቃራኒው ወደ ሬድ ኦን አድርገሽ ሞክሪ። መቀያየሩ ብቻውን ፋይል አይነካም። የሚነካው የሬድ ቮልዩም ፍጠር ወይም አጥፋ የሚለው ገጽ ነው፣ እዚያ አትግቢ። ማሽኑ ሁለት ዲስክ በሬድ ተጣምሮበት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንኪው። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለውም የማገገሚያ ቁልፉን ሊጠይቅሽ ስለሚችል አስቀድመሽ ፈልጊው።

ዊንዶውስሽ በሬድ ኦን በደህና እየተነሳ በፈቃድሽ ወደ ኤኤችሲአይ መዞር ከፈለግሽ ግን ዝም ብለሽ አትቀይሪ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ ሆነሽ ኤምኤስ ኮንፊግ ክፈቺ፣ «ቡት» ላይ «ሴፍ ቡት»ን ምረጪ፣ ሪስታርት አድርጊ፣ ወዲያው ባዮስ ገብተሽ ቀይሪ። በሴፍ ሞድ አንዴ ሲነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያስተካክላል። ከዚያ ኤምኤስ ኮንፊግ ውስጥ ተመልሰሽ «ሴፍ ቡት» ላይ ያደረግሽውን ምልክት አንሺው። ድራይቨር አዘምናለሁ የሚሉ ፕሮግራሞችን አታውርጂ፣ የማይክሮሶፍት የራሱ የኤኤችሲአይ ድራይቨር ለቢሮ ሥራ ይበቃል።

አዲስ ማሽን ገዝተሽ ዊንዶውስ ስትጭኚ ምንም ዲስክ ካላሳየሽም ጉዳዩ የዚህ ዘመድ ነው። አዳዲሶቹ የኢንቴል ማሽኖች ላይ፣ ከ11ኛ ጀነሬሽን ወዲህ፣ ቪኤምዲ የሚባል የኢንቴል የዲስክ መቆጣጠሪያ አለ፣ ድራይቨሩ ከሌለ የዊንዶውስ መጫኛው ዲስኩን አያየውም። ወይ ባዮስ ውስጥ ታጠፊዋለሽ፣ ወይ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደሽ «ሎድ ድራይቨር» በሚለው ትሰጪዋለሽ። ያወረድሽውን የኢኤክስኢ ፋይል እንዳለ ፍላሽ ላይ ብትገለብጪው ግን አያየውም። ተፈትቶ አይኤንኤፍ ፋይሉ ያለበት ፎልደር መሆን አለበት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው «አልሠራም» ብሎ የሚተወው።

ባዮሱ ውስጥ የዲስኩ ስም ጭራሽ ከሌለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሳታና የፓወር ኬብሎቹን ነቅለሽ መልሰሽ ሰኪ። ካልሆነ በኤፍ 12 «ዳያግኖስቲክስ» ገብተሽ ዲስኩን ፈትሺና የሚሰጥሽን የስህተት ቁጥር ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ።